ፍሎው ሳይቶሜትርን በፍሎረሰንት ቢዶች ለመጠን ካሊብሬት ማድረግ፦ ከማቀዝቀዣ እስከ ኩርባው

ፍሎው ሳይቶሜትር፣ ማለትም ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ፊት እያሳለፈ የሚለካው መሣሪያ፣ ማይክሮን (የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ) አያውቅም። የሚያውቀው ብርሃን ብቻ ነው። ሴል በሌዘሩ ፊት ሲያልፍ ወደፊት የሚበተነውን ብርሃን ይቀበላል፣ ወደ ቁጥር ይቀይራል፣ ስክሪኑ ላይ ነጥብ ያስቀምጣል። ያ ቁጥር ትንሽ ወይም ትልቅ መሆኑ በሴሉ ብቻ አይወሰንም። የሌዘሩ ጉልበት፣ የዲቴክተሩ ጌይን (ምልክቱን የሚያጎላበት ልክ)፣ የሌንሶቹ አቀማመጥ ሁሉም እጃቸው አለበት። ስለዚህ «ይህ ሴል 8 ማይክሮን ነው» ከማለት በፊት፣ መጠኑ የታወቀ ነገር በዚያው መስመር መላክ ያስፈልጋል። ለዚህ የሚያገለግሉት ከፖሊስታይሪን ፕላስቲክ የተሠሩና ፍሎረሰንት ቀለም (ሌዘር ሲመታው የራሱን ብርሃን የሚያወጣ) ያላቸው ጥቃቅን ሉሎች ናቸው። ላብራቶሪ ውስጥ ቢድ እንላቸዋለን።

እዚህ የምናየው ከ1 እስከ 15 ማይክሮን ያሉ ቢዶችን ተጠቅመን የመጠን ኩርባ፣ ማለትም የመሣሪያውን ቁጥር ወደ ማይክሮን የሚቀይር ግራፍ፣ እንዴት እንደምንሠራ ነው። ቀይ የደም ሴል 7 ተኩል ማይክሮን ገደማ ነው፣ ፕሌትሌት ከ2 እስከ 3፤ ብዙ ባክቴሪያ ደግሞ 1 ማይክሮን አካባቢ ይውላል። ስለዚህ ይህ ክልል ለአብዛኛው የዕለት ሥራ ይበቃል።

ትክክለኛውን ቢድ ይለዩ

ሥራው ብዙ ጊዜ የሚበላሸው እዚህ ነው። ቢድ ሁሉ አንድ አይደለም። የመጠን ቢድ ዲያሜትሩ የተለካ ነው። የመቁጠሪያ ቢድ ቁጥሩ የታወቀ ነው፤ ቱቦው ውስጥ ስንት እንዳለ ይታወቃል፣ መጠኑ ግን ለጉዳዩ አያስፈልግም። የብርሃን መጠን ቢድ በፍሎረሰንት ጥንካሬ ደረጃ በደረጃ የተሠራ ነው። የሌዘር ማስተካከያ ቢድ ደግሞ የመስመሩን ቅንነት ብቻ ይፈትሻል። በኢትዮጵያ ብዙ ባለሙያ ከዚህ መሣሪያ ጋር የተዋወቀው በሲዲ4 ቆጠራ (የኤችአይቪ ታካሚ የመከላከያ ሴሎች ቆጠራ) በኩል ነው፤ ስለዚህ «ቢድ» ሲባል ቶሎ የሚታየው የመቁጠሪያው ነው። በመቁጠሪያ ቢድ የመጠን ኩርባ መሥራት አይቻልም። ጠርሙሱ ላይ የተጻፈውን ያንብቡ።

ቀለሙም ከሌዘሩ ጋር መግጠም አለበት። ብዙ መሣሪያ ላይ ያለው ሰማያዊው የ488 ናኖሜትር ሌዘር ነው። ለእሱ ቢጫ አረንጓዴ ቢድ ይስማማል፤ ብርሃኑንም በ530 አካባቢ ባለው አረንጓዴ ቻናል ያገኙታል። ቀይ ሌዘር የሚፈልግ ቢድ በስህተት ከተገዛ ሰማያዊው ሌዘር ላይ እምብዛም አይበራም። ከመግዛትዎ በፊት ይጠይቁ፤ ዕቃው ከውጭ መጥቶ ካለቀ በኋላ መመለስ ጣጣ ነው።

ቀጥሎ ሰርተፍኬቱን ያውጡ። ጠርሙሱ ላይ «6 ማይክሮን» ይላል፤ እሱ መጠሪያ ስም ነው። እውነተኛው ቁጥር በዚያ ሎት (በአንድ ጊዜ የተመረተ ስብስብ) ሰርተፍኬት ላይ ነው፤ 5.8 ሊሆን ይችላል፣ 6.1 ሊሆን ይችላል። ኩርባው ላይ የሚገባው ሁልጊዜ የሰርተፍኬቱ ቁጥር ነው። የአሜሪካው የመለኪያ ደረጃዎች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1985 ለሽያጭ ያቀረበው ታዋቂ ቢድ እንኳ ስሙ 10 ማይክሮን ሲሆን የተረጋገጠው መጠን 9.89 ነበር። ያ ቢድ በናሳ የጠፈር መንኮራኩር ላይ የተሠራ ነው። ምድር ላይ ቢዱ እያደገ ሲሄድ በስበት ኃይል ስለሚዘቅጥና አንድ ወጥ መጠን መጠበቅ ስለሚያስቸግር፣ ወደ ጠፈር ወስደው አሠሩት። ቢድ መግዛት ለምን ውድ እንደሆነ ለሚጠይቅ ሰው ይህ ጥሩ መልስ ነው።

በሰርተፍኬቱ ላይ ሌላም የሚፈለግ ቁጥር አለ። ሲቪ ይባላል፤ በመቶኛ የሚሰጥ የመበታተን ልክ ነው። ለመጠን ቢድ 3 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ቢሆን ይመረጣል። አንድ ነገር አይቀላቅሉ፦ የዲያሜትር ሲቪና የፍሎረሰንት ሲቪ ይለያያሉ። ቀለሙ በቢዱ ውስጥ እስከ መሐሉ የገባ ከሆነ ብርሃኑ ከይዘቱ ጋር ይሄዳል፤ ይዘት ደግሞ የዲያሜትር ሦስተኛ ኃይል ነው። ስለዚህ 2 በመቶ የዲያሜትር ልዩነት ወደ 6 በመቶ የይዘት ልዩነት ይሆናል። መጠንን በብርሃኑ ጥንካሬ ለመገመት የሚሞክር ሰው እዚህ ላይ ይወድቃል፤ የቀለም አወሳሰዱም ከሎት ሎት ይለያያል። ፍሎረሰንቱ ቢዱን ከአቧራ ለመለየት ነው። መጠኑን የምንወስደው ከተበተነው ብርሃን ነው።

ማስቀመጥ

ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ ጨለማ ውስጥ። በፍጹም አይቀዝቅዝ ማለቴ አይደለም፤ በፍጹም በረዶ አይሁን። በረዶ ሆኖ የቀለጠ ቢድ ይጣበቃል፤ ቢናወጥ፣ ቢሶኒኬት (በድምፅ ሞገድ ቢበተን) አይላቀቅም። ጠርሙሱን ከማቀዝቀዣው የኋላ ግድግዳና ከፍሪዘሩ ሥር ያርቁ። መብራት ጠፍቶ ሲመለስ አንዳንድ ማቀዝቀዣ ከልክ በላይ ይቀዘቅዛል፤ ቴርሞሜትሩን ያኔ ማየት ልማድ ይሁን። ዕቃው መንገድ ላይ ተንገላቶ ከደረሰ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት አንድ ጠብታ ስላይድ ላይ አድርገው በማይክሮስኮፕ ይመልከቱ። ነጠላ ነጠላ ሉሎች ማየት አለብዎት። የወይን ዘለላ የመሰለ ነገር ካዩ ቢዱ አልቆለታል።

መበተን

ጠርሙሱን ወደ ክፍል ሙቀት ያምጡ። በቮርቴክስ ለ30 ሰከንድ ያናውጡ። ቀጥሎ በውሃ ገንዳ ሶኒኬተር ውስጥ ለአጭር ጊዜ፣ ከ30 ሰከንድ እስከ 1 ደቂቃ ያቆዩ። እንደገና ያናውጡ። በቀጥታ ፈሳሹ ውስጥ የሚገባውን የብረት ዘንግ ሶኒኬተር አይጠቀሙ፤ ያሞቃል፣ ቢዱንም ሊጎዳ ይችላል። ሶኒኬተር ከሌለዎት በቮርቴክስ ረዘም አድርገው ይሥሩ፤ ለ6 እና ለ10 ማይክሮን ብዙም አይጎድልብዎትም። 1 ማይክሮኑ ላይ ግን ልዩነቱን ያዩታል።

ፖሊስታይሪን ከውሃ ትንሽ ይከብዳል፤ ጥግግቱ 1.05 ነው። ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን 10 ማይክሮን ቢድ በሰዓት 1 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ 15 ማይክሮኑ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ። በተለመደው የፍሎው ቱቦ ውስጥ 1 ሚሊ ሊትር ፈሳሽ ቁመቱ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ስለዚህ ሻይ ጠጥተው እስኪመለሱ ትልልቆቹ መሬት ላይ ናቸው። 1 ማይክሮኑ በአንጻሩ በሰዓት የሚወርደው ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ነው። ካልናወጡ መሣሪያው የሚያየው ትንንሾቹን ብቻ ይሆናል። ከእያንዳንዱ ንባብ በፊት ቱቦውን ያናውጡ።

ማሟሟትና ሒሳቡ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው።

ቢድ ብዙ ጊዜ የሚሸጠው በክብደት መቶኛ ነው፤ ለምሳሌ 1 በመቶ፣ ማለትም በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ 10 ሚሊ ግራም ፕላስቲክ። ክብደቱ ለሁሉም መጠን አንድ ነው፤ ቁጥሩ ግን በጣም ይለያያል። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ የ1 ማይክሮን ቢድ 18 ቢሊዮን ገደማ አለ። የ2 ማይክሮን 2.3 ቢሊዮን። የ4 ማይክሮን 284 ሚሊዮን፣ የ6 ማይክሮን 84 ሚሊዮን፣ የ10 ማይክሮን 18 ሚሊዮን፣ የ15 ማይክሮን 5.4 ሚሊዮን። ስለዚህ ከሁሉም እኩል ጠብታ አንድ ቱቦ ውስጥ ቢጨምሩ፣ ለአንድ 10 ማይክሮን ቢድ አንድ ሺህ የ1 ማይክሮን ቢድ ይመጣል። ስክሪኑ በትንንሾቹ ይሞላል፣ ትልልቆቹ የት እንደገቡ አይታወቅም።

ሌላ መቶኛ ወይም ሌላ መጠን ካለዎት ራስዎ ያሰሉት። በ1 ሚሊ ሊትር ውስጥ ያለውን የፕላስቲክ ክብደት በግራም ይውሰዱ፤ በ6 ያባዙ፤ ከዚያ በአንድ ትሪሊዮን ያባዙ። ያገኙትን በ3.14 በ1.05 እና በዲያሜትሩ ሦስተኛ ኃይል ብዜት ያካፍሉ። ዲያሜትሩ በማይክሮን ይሁን።

ግባችን እያንዳንዱ መጠን በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ቢድ እንዲሆን ነው። ከ1 በመቶ ክምችት ሲነሱ መንገዱ ይህ ነው፦

ለ15 ማይክሮን፦ 185 ማይክሮ ሊትር ወስደው እስከ 1 ሚሊ ሊትር ይሙሉ።
ለ10 ማይክሮን፦ 55 ማይክሮ ሊትር፣ እስከ 1 ሚሊ ሊትር።
ለ6 ማይክሮን፦ 12 ማይክሮ ሊትር፣ እስከ 1 ሚሊ ሊትር።
ለ4 ማይክሮን፦ መጀመሪያ አሥር እጥፍ ያቅጥኑ፤ ከዚያ 35 ማይክሮ ሊትር ወስደው እስከ 1 ሚሊ ሊትር።
ለ2 ማይክሮን፦ መቶ እጥፍ ያቅጥኑ፤ ከዚያ 44 ማይክሮ ሊትር።
ለ1 ማይክሮን፦ መቶ እጥፍ ያቅጥኑ፤ ከዚያ 5.5 ማይክሮ ሊትር።

ማቅጠኛው የተጣራ ውሃ ይሁን፤ ትዊን 20 የተባለውን ሳሙና መሰል ነገር 0.01 በመቶ ያህል ይጨምሩበት። ፒቢኤስ (ጨው ያለበት የላብራቶሪ ፈሳሽ) ለሴል እንጂ ለራቁት ቢድ ብዙም አይመችም። ጨው በቢዶቹ ላይ ያለውን ቻርጅ ስለሚሸፍን መገፋፋታቸውን ትተው ይጣበቃሉ። የግድ ጨው ያለበት ፈሳሽ ከሆነ ትዊኑን አይርሱ፣ ወዲያውም ያንብቡ። ማቅጠኛውን በ0.2 ማይክሮን ፊልተር ያሳልፉት፤ አለበለዚያ አቧራው ከ1 ማይክሮኑ ቢድ ጋር ይቀላቀላል። አሴቶንና ቶሉይን የመሳሰሉትን ቢዱ አጠገብ አያምጡ፤ ፖሊስታይሪንን ያሟሟሉ።

ከስድስቱ ቱቦዎች እኩል መጠን ወስደው አንድ የድብልቅ ቱቦ ያዘጋጁ። ነጠላዎቹን ግን አይድፉ፤ የትኛው ጫፍ (ግራፉ ላይ ነጥቦች ተሰብስበው የሚሠሩት ጉብታ) የየትኛው ቢድ እንደሆነ የሚያረጋግጡት በእነሱ ነው።

መሣሪያውን ማዘጋጀት

ሌዘሩ ቢያንስ 30 ደቂቃ ይሙቅ። የሺዝ ታንኩን (ናሙናውን ከብቦ የሚያስኬደው ፈሳሽ ያለበትን) ይሙሉ፣ የቆሻሻውን ያስወግዱ፣ የአየር አረፋ ካለ ያስወጡ። የዕለት ቁጥጥሩን እንደወትሮው ይሥሩ። ያ ካልተሳካ ኩርባ መሥራት ከንቱ ድካም ነው።

ፍጥነቱን ዝቅተኛው ላይ ያድርጉ። በብዙ ላብራቶሪ የሚገኘው ፋክስካሊበር ላይ ዝቅተኛው በደቂቃ 12 ማይክሮ ሊትር ገደማ ነው። በ1 ሚሊ ሊትር 1 ሚሊዮን ቢድ ሲኖር ይህ በሰከንድ 200 ያህል ነጥብ ይሰጣል። 12 ሺህ ነጥብ ለመሰብሰብ 1 ደቂቃ ይበቃል፤ ለእያንዳንዱ መጠን 2 ሺህ ያህል ማለት ነው። ፍጥነቱን ቢጨምሩ የናሙናው ፈሳሽ ይሰፋል፣ ቢዶቹ ከሌዘሩ መሐል ይርቃሉ፣ ጫፎቹም ይወፍራሉ። ለአንድ ደቂቃ መቻኮል አያዋጣም።

ትሪገሩ (መሣሪያው መመዝገብ እንዲጀምር የሚያደርገው ምልክት) ላይ ነው ፍሎረሰንት ቢድ ዋጋውን የሚያሳየው። አብዛኛውን ጊዜ መሣሪያው ነጥብ የሚመዘግበው በተበተነው ብርሃን ላይ ያለው ገደብ ሲታለፍ ነው። ለ1 ማይክሮን ቢድ ያ ብርሃን ከመሣሪያው የራሱ ጫጫታ ብዙም አይለይም። ገደቡን ከፍ ቢያደርጉ ቢዱ ይጠፋል፣ ዝቅ ቢያደርጉ አቧራ ይጎርፋል። ስለዚህ ትሪገሩን ወደ አረንጓዴው ቻናል ያዛውሩት። አቧራ አይበራም፣ ቢድ ይበራል። ስክሪኑ በቅጽበት ይጸዳል።

ቀጥሎ ጌይኑን ያስተካክሉ። የ15 ማይክሮን ቱቦ ብቻውን ያስገቡና ጫፉ ከስክሪኑ ቀኝ ጠርዝ እንዳይለጠፍ ያድርጉ። ከዚያ የ1 ማይክሮኑን ያስገቡና ከግራው ጠርዝ መላቀቁን ይዩ። ሁለቱም ውስጥ ካልገቡ ክልሉን ይክፈሉት፤ ከ1 እስከ 6 በአንድ ጌይን፣ ከ4 እስከ 15 በሌላ። አንዴ ከተቀመጠ በኋላ ጌይኑን አይንኩት። በተነካ ቁጥር ኩርባው ይሞታል።

ነጠላውን ከተጣበቀው መለየት

ሁለት ቢድ ተጣብቆ ሲያልፍ መሣሪያው አንድ ትልቅ ቢድ ይመስለዋል። ይህን ለመያዝ የአረንጓዴውን ምልክት ቁመት በአንድ መስመር፣ ጠቅላላ ይዘቱን በሌላው ያድርጉ። ነጠላዎቹ በአንድ ሰያፍ ላይ ይሰለፋሉ፤ ጥንዶቹ ከሰያፉ ወጣ ይላሉ። ጌት (የሚቆጠሩትን ነጥቦች የሚከልል መስመር) የሚሳለው በነጠላዎቹ ዙሪያ ነው። ጥንዶቹ ከ5 በመቶ ከበለጡ ተመልሰው ያናውጡ፤ ጌት ማጥበብ መፍትሔ አይደለም።

ማንበብ

ከነጠላ ቱቦዎች ይጀምሩ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ። በእያንዳንዱ መካከል በተጣራ ውሃ ያጠቡ። ለእያንዳንዱ ወደፊት የሚበተነውን ብርሃን ሚዲያን (በተራ ሲደረደሩ መሐል ላይ የሚውለው ንባብ) እና ሲቪ ይመዝግቡ። ሚዲያን የሚመረጠው ጥቂት የተጣበቁ ቢዶች አማካዩን ስለሚጎትቱት ነው። ከዚያ ድብልቁን ያንብቡ። ስድስቱ ጫፎች ከነጠላዎቹ ቦታ ጋር መግጠም አለባቸው።

ስለሲቪው አንድ ነገር። የመሣሪያው ንባብ ሲቪ ከሰርተፍኬቱ ሲቪ ከፍ ማለቱ ይጠበቃል፤ የራሱን መበታተን ይጨምራልና። ትናንት ጠባብ የነበረ ጫፍ ዛሬ ከሰፋ ግን ሌዘሩ ወይም መስመሩ ላይ አንድ ነገር አለ። መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፍሎው ሴሉ (ናሙናው በሌዘሩ ፊት የሚያልፍበት ጠባብ መተላለፊያ) ላይ የተጣበቀ ቆሻሻ ነው።

ኩርባውን መሥራት

ኤክሴል ይበቃል። በአግድሙ የሰርተፍኬቱን ዲያሜትር፣ በቋሚው ሚዲያኑን ያስቀምጡ። ነጥቦቹን በአንድ ቀጥ ያለ መስመር ለማስገደድ አይሞክሩ። የሚበተነው ብርሃን ከመጠን ጋር በቀጥታ አይጨምርም፤ በተለይ ዲያሜትሩ ወደ ብርሃኑ የሞገድ ርዝመት ሲጠጋ ይወዛወዛል። አንዳንድ መሣሪያ ላይ ሁለት ተከታታይ መጠኖች ተቀራርበው፣ አልፎ አልፎም ቦታ ተለዋውጠው ይታያሉ። መሣሪያው ተበላሽቶ አይደለም፤ የፊዚክሱ ጠባይ ነው፣ ብርሃኑን በምን ማዕዘን እንደሚቀበልም ይወሰናል። በተከታታይ ነጥቦች መካከል አጫጭር መስመሮች ይሥሩና በእነሱ መካከል ይገምቱ። ከ15 በላይ ወይም ከ1 በታች ግን መስመሩን አያራዝሙ።

ኩርባው መሥራቱን ለመፈተሽ አንድ መጠን አስቀርተው ይሥሩት፤ 6 ማይክሮኑ ይመቻል። ከዚያ የ6 ማይክሮኑን ንባብ ወደ ኩርባው አስገብተው ስንት እንደሚሰጥ ይዩ። ለሴል ሥራ 10 በመቶ ውስጥ ከወደቀ ይበቃል ባይ ነኝ። ከዚያ ከራቀ ነጠላ ቱቦዎቹን እንደገና ያንብቡ።

ኩርባው የማይነግርዎት

ይህን ክፍል ዘለው አይለፉት። ፖሊስታይሪን ብርሃንን የሚሰብርበት ልክ 1.59 ነው። ውሃ 1.33፣ ሴል ደግሞ ከ1.36 እስከ 1.40 ገደማ ነው። የሚበተነው ብርሃን የሚመጣው ከዚህ ልዩነት ስለሆነ፣ እኩል ዲያሜትር ያላቸው ቢድና ሴል እኩል አይታዩም። ቢዱ ከሴሉ ደምቆ ይወጣል። ስለዚህ ከኩርባው «5 ማይክሮን» ያገኙት ሊምፎሳይት በማይክሮስኮፕ ሲለካ 7 ወይም 8 ሊሆን ይችላል። ውጤትዎን ሲጽፉ «ከፖሊስታይሪን አንጻር» ብለው ይጻፉ። ትንንሽ ነገር ላይ ለሚሠራ፣ ለምሳሌ ለባክቴሪያ፣ የሲሊካ ቢድ ወደ ሴል የሚቀርብ የብርሃን መስበር ልክ ስላለው ይሻላል።

ተመሳሳይ ጣጣ ሴል በጠባብ ቀዳዳ ሲያልፍ በሚፈጥረው የኤሌክትሪክ ለውጥ በሚቆጥሩት የደም መቁጠሪያ ማሽኖችም ላይ አለ። እዚያ የሚለካው ይዘት ነው፤ ቢድ የማይለጠጥ ጠንካራ ሉል ነው፣ ቀይ የደም ሴል ግን ቀዳዳው ውስጥ ይለጠጣል። በጠንካራ ቢድ ብቻ የተስተካከለ ማሽን የቀይ ሴልን መጠን ዝቅ አድርጎ ያነብባል። ለዚህ ነው ለእነዚያ ማሽኖች አምራቹ የሚያቀርበውን የደም ካሊብሬተር መጠቀም የሚገባው።

ክትትል

ኩርባው በየቀኑ አይሠራም። በየቀኑ የሚነበበው አንድ መጠን ነው፤ እኔ 6 ማይክሮኑን እመርጣለሁ። 20 ንባብ ከሰበሰቡ በኋላ አማካዩንና ስታንዳርድ ዲቪየሽኑን ያውጡ፤ በሌቪ ጄኒንግስ ቻርት (የየቀኑ ንባብ በተራ የሚሰፍርበት የቁጥጥር ግራፍ) ላይ ከአማካዩ በላይና በታች በ2 ስታንዳርድ ዲቪየሽን መስመር ያሥምሩ። አንድ ንባብ ከመስመሩ ቢወጣ ይድገሙት። ደጋግሞ ወደ አንድ አቅጣጫ ከሄደ ግን መስመሩ ውስጥ ቢሆንም እንኳ አይዝናኑ፤ ሌዘሩ እየደከመ ሊሆን ይችላል። ሙሉ ኩርባው የሚደገመው ሌዘር ሲቀየር፣ ጥገና ሲደረግ፣ መሣሪያው ከቦታው ሲነሳ ወይም የቢዱ ሎት ሲቀየር ነው። አዲሱ ሎት ከመጀመሩ በፊት ከአሮጌው ጋር ጎን ለጎን ያንብቡት፤ አሮጌው ሲያልቅ ማነጻጸሪያ የለም።

ማጠብ

ቢድ ይጣበቃል፣ ለቀጣዩ ናሙናም ይተርፋል። ሲጨርሱ 10 በመቶ በረኪና ለ5 ደቂቃ፣ ከዚያ የተጣራ ውሃ ለ5 ደቂቃ ያሂዱ። በረኪና ፖሊስታይሪኑን አያሟሟም፤ የሚያነሳው ቢዱን የያዘውን ፕሮቲን ነው። የቢድ ጠርሙሶች ብዙ ጊዜ ሶዲየም አዛይድ የሚባል መከላከያ አለባቸው፤ መርዛማ ነው፣ ከመዳብና ከእርሳስ ቧንቧ ጋር ሲገናኝም የሚፈነዳ ነገር ይፈጥራል። የተረፈውን ክምችት ሲንክ ውስጥ አይድፉ፤ በኬሚካል ቆሻሻ መያዣ ይሰብስቡ። በመጨረሻም ትሪገሩን አረንጓዴው ላይ እንደተወ ንጹሕ ውሃ ለ1 ደቂቃ ያንብቡ። በቢዱ ቦታ ላይ ነጥብ እየመጣ ከሆነ ማጠቡን ይድገሙ፤ እስኪጠፋ ድረስ የታካሚ ናሙና አያስገቡ። ሲጸዳ ትሪገሩን ወደ ወትሮው ቦታ መመለስ አይርሱ፤ ካልተመለሰ ያልቀለሙት ሴሎች በሙሉ ከስክሪኑ ይጠፋሉ።